ዝሆኔ ስንት ስም አለው? ከፐብሜድ መረጃ ስለመልቀም

ጨሞጋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20)

እንዴት ሰነበታችሁ? ደብረ ማርቆስ ነኝ። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ዝሆኔ ነው፤ ያ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው። አማካሪዬ "ስለ ጎጃም እስከ ዛሬ የተጻፈውን በሙሉ ሰብስበሽ ነይ" አለኝ። "በሙሉ" የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መዝገብ ላይ ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ተመዝግቧል። በየዓመቱ ሌላ ከሚሊዮን በላይ ይጨመርበታል። እኔ ደግሞ አንድ ነኝ። ፍለጋውን ሳጠብ ጥቂት ይመጣል፣ ሰፋ ሳደርገው ከህንድ እስከ ብራዚል ያለው ሁሉ ይግተለተላል። አንድ ሳምንት ሙሉ አብስትራክት (የጽሑፎቹን አጭር ማጠቃለያ) ሳነብ ከረምኩ። ዓርብ ማታ አንዱን ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩት እንደሆነ ሲገባኝ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አንዲት ጓደኛዬ "ቴክስት ማይኒንግ የሚባል አለ፣ ኮምፒውተሩ ያንብብልሽ" አለችኝ። ፓይቶን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ በጥቂቱ እሞካክራለሁ። ከየት ልጀምር?

ችኩሉ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41)

እህቴ ምን አደከመሽ? ቻትቦት ጠይቂ። በአምስት ደቂቃ ጣጣሽን ይጨርስልሻል።

ጨሞጋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ጠይቄ ነበር እኮ። አምስት ጽሑፍ ከነደራሲው፣ ከነመጽሔቱ ደረደረልኝ። ደስ ብሎኝ አንድ በአንድ ስፈልግ ሁለቱ ጭራሽ የሉም። ርዕሳቸው ግን እንዴት እንደሚያምር! ሦስተኛው አለ፤ የተሠራው ግን ሌላ አገር ነው። እሱን ይዤ አማካሪዬ ፊት ብቀርብ ምን ይውጠኝ ነበር?

ጣና_ዳር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12)

ባሕር ዳር ነኝ፣ ኮድ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ችኩሉ ያለውን አልንቅም። ግን መጀመሪያ ጽሑፉ እጅሽ ይግባ፤ ከዚያ ማንም ቢያነብልሽ ግድ የለም። ቻትቦቱን ከትዝታው ስትጠይቂው ያልነበረ ነገር ይፈጥራል። ጽሑፉን ፊቱ አስቀምጠሽ ስትጠይቂው ቢያንስ ማመሳከሪያ አለሽ። እያንዳንዱ የፐብሜድ መዝገብ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥር የሌለውን ነገር አትቀበይ። ቁጥር ቢሰጥሽም ከፍተሽ እዪው።

ጽሑፉን ለማምጣት የፐብሜድ ባለቤቶች ለፕሮግራም የከፈቱት በር አለ፤ ኢ-ዩቲሊቲስ ይባላል። ነጻ ነው። ያለ ቁልፍ (ማን እንደሆንሽ የሚያሳይ የምስጢር ኮድ ነው) በሴኮንድ 3 ጥያቄ ይፈቅዳል። አካውንት ከፍተሽ ቁልፍ ካወጣሽ 10 ይሆናል። እሱም ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ከቸኮልሽ በሩን ይዘጉብሻል። ብዙ የምታወርጂ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ አድርጊው፤ ወይም እነሱ አገር፣ አሜሪካ፣ ሌሊት ሲሆን፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ባለው። ይህ በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ተነስቶ እስከ ቀኑ 6 ወይም 7 ይሄዳል። ማለትም ለእኛ ጠዋት ነው። ኔትወርክ ደግሞ ጠዋት ይሻላል፣ ታውቂዋለሽ።

አንድ ምክር ልጨምር። ፒዲኤፍ አትቆፍሪ። በሁለት ዓምድ የታተመውን ገጽ ኮምፒውተር ሲያነበው የግራውንና የቀኙን መስመር ያጣብቀዋል። ኤክስኤምኤል የሚባለውን ፋይል አምጪ። ርዕሱ፣ አብስትራክቱ፣ የደራሲው አድራሻ ለየብቻ ተቀምጦ ይመጣልሻል። አንዴ አውርደሽ ላፕቶፕሽ ላይ ካስቀመጥሽው መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራሽ አይቆምም።

ቤተ_መጻሕፍት (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ኮድ አልችልም። ግን ችግርሽ ኮድ አይመስለኝም። ችግርሽ ስም ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ቃል ያወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከግሪክኛ እግርና ትቢያ የሚሉትን አጋጥሞ ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት የታተመው ጽሑፍ ውስጥ ይህን ቃል ብትፈልጊ ከየት ይመጣል? የጥንቶቹ "ኤለፈንታያሲስ" ነው የሚሉት። አንዳንዱ "ፊላሪያ የሌለበት ኤለፈንታያሲስ" ይላል። በቀላል እንግሊዝኛ "ሞሲ ፉት" የሚሉም አሉ፣ ቆዳው ሽበት እንዳወጣ ድንጋይ ስለሚሆን። በሽታው አንድ፣ ስሙ አራት።

ተገላቢጦሹም አለ። "ኤለፈንታያሲስ" በትንኝ የሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ለሚያመጣውም እብጠት ይባላል። እኛም በአማርኛ ሁለቱንም ዝሆኔ ነው የምንላቸው። ስለዚህ አንድ በሽታ በብዙ ስም፣ ብዙ በሽታ በአንድ ስም። ማሽኑ በሁለቱም በኩል ይሸወዳል።

ፐብሜድን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለዚህ መድኃኒት አበጅቶ ነበር። ሜሽ ይባላል። በፈረንጆቹ ከ1960 ጀምሮ ያለ የቃላት መዝገብ ነው፤ ደራሲው በፈለገው ስም ይጻፍ፣ ጽሑፉ ላይ አንድ ወጥ መለያ ይለጠፍበታል። እዚያ ኤለፈንታያሲስና የፊላሪያ ኤለፈንታያሲስ ለየብቻ ናቸው። ድሮ ሰው እያነበበ ነበር የሚለጥፈው፤ ከ2022 ወዲህ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ዞሯል። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ግን ሚሊዮኑን ማን ያነበዋል? መለያውን ተጠቀሚበት፣ ብቻውን ግን አትመኚው። አዲስ የገቡት ጽሑፎች መለያ ሳይለጠፍባቸው የሚቆዩበት ጊዜ አለ።

ደግሞ ፐብሜድ የጻፍሽውን ቃል በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ቃል ይተረጉመዋል። የፍለጋ ዝርዝሩን ከፍተሽ ምን ብሎ እንደተረዳሽ እዪ። ተማሪዎች ይህን ሳያዩ ሲያማርሩ ነው የኖርኩት።

ዳሞት_ነርስ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30)

ጋሼ ቤተ መጻሕፍት እውነትዎን ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነርስ ነኝ። የእኛ መዝገብ ላይም "ዝሆኔ" ተብሎ ይጻፋል፣ ያልፋል። የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በሽተኛው ራሱ ዝሆኔ አይልም። "እግሬን አመመኝ" ነው የሚለው። ሲያገረሽበትና ትኩሳት ሲይዘው "ምች መታኝ" ብሎ ይመጣል። አንዳንዱ የእባብ አጥንት ረግጬ ነው ይላል። የሚበዛው "ዘር ነው" ብሎ ይደብቃል፣ ልጁን ሊድር ሲል ጭራሽ እግሩን አያሳይም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልስጥሽ። ሁለቱን በሽታ ለመለየት ከፍታውን እዪ። የእኛ ዝሆኔ በብዛት ከ1,000 ሜትር በላይ፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ቀይ አፈር ያለበት ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በትንኝ የሚመጣው ቆላ ይወዳል፣ እንደ ጋምቤላ ያለውን። ስለዚህ አንድ አሮጌ ጽሑፍ "ኤለፈንታያሲስ" ብሎ የጎጃም ደጋ ከተማ ከጠራ፣ ስሙ ምንም ይሁን የቱን በሽታ እንዳየ ገምቺ። የቦታ ስም ከበሽታ ስም በላይ ይናገራል።

ጣና_ዳር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡02)

ይሄ ወርቅ ነው! ይህን ማንም የኮምፒውተር ሞዴል አይነግርሽም። የቦታዎቹን ዝርዝር ከነከፍታቸው አዘጋጂና አስገቢው።

የዋሸራ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48)

ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ። ጋሼ የገለጹት እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ። የኔታ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላው ማን እንደተቀመጠ እንድናይ ነበር የሚያስተምሩን። በ2019 የኮሪያ ተመራማሪዎች ያወጡት ባዮበርት የሚባለው ሞዴልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፐብሜድ አብስትራክትና ሙሉ ጽሑፎች ተመግቦ፣ ቃሉን በጎረቤቶቹ ነው የሚለየው። ላፕቶፕ ላይ ከባዶ ማሠልጠን አይታሰብም። የሠለጠነውን ወስዶ ጥቂት መቶ አብስትራክት ማስነበብ ግን ይቻላል፣ ቡና እስኪፈላ ይጠበቃል እንጂ።

ሁለት ወጥመድ ልንገርሽ።

አንደኛው ምህጻረ ቃል። እንግሊዝኛው "ቪኤል" በአንዱ ጽሑፍ ካላዛር ነው፣ በሌላው የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ነው። እኛ አገር ደግሞ ሁለቱ በሽታ አንድ ሰው ላይ ስለሚገናኝ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ደግነቱ ደራሲዎች መጀመሪያ ሲጠቅሱት ሙሉውን ጽፈው ምህጻሩን በቅንፍ ያስገባሉ። ሽዋርትዝና ኸርስት የተባሉ ሰዎች በ2003 ይህን ተጠቅመው የምህጻሩን ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት እያመሳከረ ሙሉ ስሙን የሚያገኝ አጭር ዘዴ አወጡ። ኮዱ በጣም አጭር ነው። ዛሬም ይሠራል።

ሁለተኛው አሉታ ነው፣ አንቺን በተለይ የሚመለከት። ፖዶኮኒዮሲስን ሐኪም የሚያረጋግጠው ሌላውን በማስወገድ ነው። ስለዚህ ጽሑፎቹ "ፊላሪያ አልተገኘም" ይላሉ። ቃል የሚቆጥር ማሽን ግን ፊላሪያ የሚለውን ብቻ አይቶ ከፊላሪያ ጋር ይመድብልሻል። ያልተገኘው ተገኘ ተብሎ ይቆጠራል ማለት ነው! በ2001 የወጣ ኔግኤክስ የሚባል ዘዴ አለ፤ እንደ "የለም"፣ "ተወግዷል" ያሉ ቃላት በአቅራቢያው ካሉ ያንን ስም በአሉታ ይመዘግበዋል። እንግሊዝኛ ላይ አሉታው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ስለሚመጣ ይቀላል። በአማርኛ "አል" ብሎ ጀምሮ "ም" ብሎ ግሱን ሲያቅፈው ለማሽን ሌላ ራስ ምታት ነው።

ዳሞት_ነርስ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡59)

ጎጃም ስለሆንን ነገሩ ሁሉ ቅኔ ሊሆን ነው እንግዲህ 😄

ጨሞጋ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ስሠራ ነበር። የበሽታውን ስሞች ሰበሰብኩ፣ አልከበደኝም። የጎጃም ስም ግን አሳበደኝ።

ጎጃምን በላቲን ፊደል የሚጽፉት አንዱ በሁለት ጄ፣ አንዱ በአንድ ጄ ነው። ፈረንሳዮቹ ከጄው በፊት ዲ ይጨምራሉ። ጣሊያኖቹ ጄውን ትተው በሁለት ጂ ይጽፉታል። ደብረ ማርቆስ አንድም፣ ሁለትም ቃል ሆኖ ይመጣል። ማርቆስ በኬም፣ በሲም፣ በኪውም አለ። ባሕር ዳርንማ ተዉት። ለእያንዳንዱ ከተማ ሬጄክስ (የተለያየውን አጻጻፍ ባንዴ የሚፈልግ ቀመር) ስጽፍ አመሸሁ።

ከዚያ ሞጣ መጣች። ሞጣ ብዬ ስፈልግ የፖርቱጋልና የስፔን ደራሲዎች ይጎርፋሉ፣ የቤተሰብ ስም ነው ለካ። እሺ ብዬ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ጨመርኩ። አሁን ደግሞ የ4,500 ዓመት አጽም መጣ! በ2015 የዘር ቅንጣቱ የተነበበው ሰው "ሞጣ" ይባላል፣ የተገኘው ግን ጋሞ ውስጥ ያለ ሞጣ ዋሻ ነው። የእኛዋ ሞጣ ምንም አታውቅም።

ሌላም አለ። ደብረ ማርቆስ የሚል ያለበትን ሁሉ ሳመጣ ግማሹ ስለ ደብረ ማርቆስ አልነበረም። የደራሲው አድራሻ ብቻ ነው እዚህ፤ ጥናቱ ሌላ ቦታ ወይም የሌሎችን ጥናት ያጠቃለለ ነው። ጣና_ዳር አድራሻው ለየብቻ ይመጣል ያልከው የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። አሁን የምፈልገው ርዕስና አብስትራክት ውስጥ ብቻ ነው።

ሰከላ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡04)

ሳነብ ሳቄ መጣ፣ የኔን አስታወሳችሁኝ። እኔ በባህል መድኃኒት ዕፅዋት ላይ ነው የምሠራው። እንዶድን ታውቁታላችሁ፣ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበታል። አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ዓለም አቀፍ ምርምር ሆነ። በ1989 እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ጣና ዳር ላለ ሰው ቢልሃርዚያ ሩቅ ወሬ አይደለም።

እናላችሁ፣ ሙሉ ጽሑፎችን አውርጄ "እንዶድ" የሚለውን በላቲን ፊደል አስፈለግሁ። የጥርስ ሐኪሞች ዓለም ሙሉ ወረደብኝ። የጥርስ ሥር ሕክምና መጽሔት ስም ሲያጥር "ጄ እንዶድ" ነው የሚጻፈው! በየጽሑፉ መጨረሻ ያለው የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ሞልቷል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ የማጣቀሻውን ክፍል ቆርጦ መጣል፣ ከዚያ እንዶድ ሲመጣ በአቅራቢያው ፋይቶላካ የሚለው የሳይንስ ስሙ መኖሩን ማየት።

የሳይንስ ስምም ቢሆን አይታመንም፣ ይቀየራል። ኮሶ ዛሬ ሃጌንያ ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ግን ብራየራ ይሉታል። ምችን ደግሞ ተዉት። አንዱ "ትኩሳት" ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሌላው "የከንፈር ቁስል"፣ ሌላው "የፀሐይ ምት"። ዳማከሴን ለምች የሚጠቅሱትን ሁሉ በአንድ ላይ ለመሰብሰብ "ምች" የሚለውን ራሱን በላቲን ፊደል መፈለግ ነው የሚያዋጣው።

ችኩሉ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20)

እሺ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ጥያቄ። ይህ ሁሉ ድካም ያለውን ለመሰብሰብ ብቻ ነው? አዲስ ነገር ተገኝቶበት ያውቃል?

ቤተ_መጻሕፍት (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40)

ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ዶን ስዋንሰን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። ሐኪም አይደለም፣ የእኔ ሙያ ሰው ነው፣ የመረጃ ሳይንስ። ሬይኖ የሚባል ሕመም አለ፤ በብርድ ጊዜ የጣት ደም ሥር ይኮማተርና ጣቱ ነጭ ይሆናል። ስለ ሕመሙ የሚጽፉት ሐኪሞች የበሽተኞቹ ደም ወፈር ይላል፣ የደም ሕዋሶቹም ይጣበቃሉ ብለው ይጽፋሉ። በሌላ ወገን ስለ ዓሣ ዘይት የሚጽፉት ደግሞ ዘይቱ ደምን ያቀጥናል፣ መጣበቁን ይቀንሳል ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይጠቅስም። ስዋንሰን ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን አድርጎ አነበበና በ1986 የዓሣ ዘይት ለሬይኖ ሊረዳ ይችላል ብሎ ጻፈ። አንድም በሽተኛ አላየም፣ አንድም ሙከራ አልሠራም። በ1989 የወጣ የሕክምና ሙከራ በአንዳንዶቹ በሽተኞች ላይ እንደሚረዳ አሳየ። በ1988 ደግሞ ማግኒዚየምንና ማይግሬንን በዚሁ መንገድ አገናኝቷል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መልሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ነው። ሁለት ቦታ ተከፍሎ።

ግን ልብ በሉ፤ ስዋንሰን ግምት ነው ያቀረበው። ሙከራው ነው ያጸናው። ሁለት ቃል አንድ ገጽ ላይ ተገናኘ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም።

ጣና_ዳር (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

ጨሞጋ፣ ውጤቱን ኤክሴል ላይ ልታስቀምጪ ከሆነ ተጠንቀቂ። ፖዶኮኒዮሲስ በዘር የመጋለጥ ነገር አለው፤ በ2012 ኤችኤልኤ የሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ ግንኙነት ተገኝቷል። ስለዚህ የጂን ስም ያጋጥምሻል። ኤክሴል አንዳንድ የጂን ስም ሲያይ ቀን ይመስለውና ይቀይረዋል። ከሴፕቴምበርና ከማርች ጋር የሚመሳሰሉት ስሞች ዋና ተጎጂዎች ነበሩ። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች ከአምስቱ አንድ ያህሉ ይህ ስህተት እንዳለባቸው አገኘ። በመጨረሻ በ2020 የጂኖቹ ስም እንዲቀየር ተደረገ። ኤክሴል አልሰማ ሲል ሳይንሱ ስሙን ቀየረ፣ ይታያችሁ! ሁሉንም ዓምድ "ጽሑፍ" ብለሽ አስገቢው።

የዋሸራ_ልጅ (ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡00)

አሁን ወንፊቱን መፈተሽ ነው የቀረሽ። ጤፍ ስትነፊ ቀዳዳው ከጠበበ ጤፉ ከገለባው ጋር ላይ ይቀራል፤ ከሰፋ ገለባውም አብሮ ይወርዳል። ከሰበሰብሽው ላይ 100 በዕጣ አውጪና በእጅሽ አንብቢ፤ ስንቱ በትክክል የጎጃም ዝሆኔ ነው? ከጣልሽውም ላይ 100 አውጪ፤ ስንት ጤፍ አምልጦሻል? አንቺና ሌላ ሰው ለየብቻ አንብቡት፣ ሳትነጋገሩ። የማትስማሙበት ላይ ነው ማሽኑም የሚሳሳተው። ለአማካሪሽ "በሙሉ" የምትለው ነገር ይህን ያህል ነው ብለሽ በቁጥር ታሳዪዋለሽ።

ዳሞት_ነርስ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡40)

ሁለተኛዋን አንባቢ እኔ እሆናለሁ። ማታ ማታ ተረኛ ስሆን አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ ስትጨርሺ እዚህ ጤና ጣቢያ መጥተሽ በአማርኛ ንገሪን። እግር እጠቡ፣ በሳሙና፣ ቅባት ተቀቡ፣ ጫማ አድርጉ ነው የምንለው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደተጻፈ ማን ነግሮን ያውቃል?

ጨሞጋ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው። ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ማውረድ ጀመርኩ፣ ጣና_ዳር እንዳልከው ኔትወርኩ ይሻላል። የቦታ ስሞቹን ዝርዝር ከነአጻጻፋቸው እዚህ አያይዣለሁ፣ ሌላ የሚሠራ ሰው እንደኔ እንዳይቸገር። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጀን፣ ቡሬ፣ እንጅባራ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

ሰከላ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ቡሬን ተጠንቀቂ። ኢሉባቦርም ቡሬ አለ።

ጨሞጋ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡12)

ወይ ጣጣዬ! እሺ፣ ለብቻው ምልክት አደርግበታለሁ።